የፒለሆልም አስተዳዳሪዎች

ፒለሆልም ገብቶ መቀመጥ ቀላል ነው፤ የፒለሆልም ሰው መባል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቲራ ይህን እስክትረዳ ሁለት በጋ አለፈባት።

ፒለሆልም ከኦደንሴ ከተማ ዳር፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለ የአትክልተኞች ማኅበር ነው። አሥራ ስምንት ጠባብ ግቢዎች፣ በየግቢው አንዲት የእንጨት ጎጆ፣ በጎጆዋ ፊት ድንችና ሽንኩርት፣ በመካከል የጋራ መንገድና የጋራ ቤት። ቲራ ለዓመታት ተራ ስትጠብቅ ኖራ፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት የእንግዳ ተቀባይነት ሥራዋ ጡረታ በወጣችበት ዓመት ቁጥር አሥራ አንድ ደረሳት። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ጎጆዋን ቀባች፣ አፈሩን ገለበጠች፣ እንጆሪ ተከለች። ጎረቤቶቿም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ "እንዴት ያምራል እንጆሪዎ! በርቱ!" አሏት። በማግስቱም "በርቱ!" አሏት። በሁለተኛው ዓመትም "በርቱ!" አሏት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እርስ በርሳቸው እንዲህ አይነጋገሩማ! የቁጥር አንዷ ጉድሩን ከጽጌረዳዎቿ መሃል ሆና፣ "አንተ ፕሬበን! አካፋዬን ትመልሳለህ ወይስ ፖሊስ ልጥራ?" ብላ ስትጮህ ማኅበሩ በሙሉ ይሰማል። ፕሬበንም ከቁጥር አራት፣ "አካፋሽማ አርጅቶ ሞተ፤ ትናንት ቀበርኩት!" ይላታል። ከዚያ አብረው ቢራ ይጠጣሉ። ቲራ ላይ ግን ጮሆ የሚያውቅ የለም። ሳይጠይቃት አካፋዋን የወሰደ የለም። ሰው የሚጮኸው በራሱ ሰው ላይ ነው፤ ለእንግዳ ፈገግ ይባላል። ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ትልቅ ሴት፣ አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፤ እንደ ሰው እንዲጮኹባት።

ስለዚህ በመጋቢት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የድረ ገጹ ነገር ሲነሳ፣ እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ወጣ። የድሮውን ድረ ገጽ የሠራው ሰው ጎጆውን ሸጦ ስፔን ገብቷል፤ የይለፍ ቃሉንም ይዞ ነው የገባው። ገጹ ላይ ካለፈ ዓመታት የሆነው የገና ድግስ እስካሁን "እንዳትቀሩ!" እያለ ይጠራል። በሰኔ ደግሞ፣ እዚህ አገር እሳት ተነድዶ በሚከበረው በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ፣ ፒለሆልም በሩን ለከተማው ሰው ሊከፍት ነው። ከተማው ውስጥ የሚለጠፈው ማስታወቂያ "ፕሮግራሙንና መንገዱን ድረ ገጻችን ላይ ያገኛሉ" ይላል።

"እኔ ልሞክር?" አለች ቲራ። "ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የማታ ኮርስ ወስጃለሁ።"

"እጅግ እናመሰግናለን" አለች ጉድሩን። "ብቻ በጣም እንዳይደክሙ።"

ኮርሱን በእርግጥ በደንብ ተምራው ነበር። አስተማሪዋ ነገርን ከሥሩ የምታስረዳ ሴት ናት። ዛሬ ድረ ገጽ ለመሥራት ኮድ መጻፍ አያስፈልግም ብላ ነበር የጀመረችው፤ የይዘት ማስተዳደሪያ የሚባል ሥርዓት አለ፤ እናንተ ጽሑፉንና ፎቶውን ታስገባላችሁ፣ እሱ አልብሶ ያወጣዋል። ጽሑፉ ገላ ነው፣ መልኩ ልብስ ነው፤ ልብሱ ቢቀየር ገላው አይነካም። "ገጽ" የሚባለው ቋሚ ነገር ነው፤ የት እንደምትገኙ፣ ደንባችሁ ምን እንደሆነ። "ዜና" የሚባለው ቀን የሚያልፍበት ነው፤ ሐሙስ የቆሻሻ መኪና ይመጣል እንደማለት። ማውጫው የቤቱ በር ነው፤ በር የሌለው ክፍል ውስጥ ማንም አይገባም፣ መቶ በር ባለው ቤት ደግሞ ማንም መንገዱን አያገኝም። የጻፋችሁት ሁሉ "አትም" የሚለውን እስክትጫኑ ድረስ ረቂቅ ነው፤ ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም። በመጨረሻም ጣቷን አንስታ፣ "የአስተዳዳሪነቱን ቁልፍ ለአንድ ሰው ስጡ፣ ቢበዛ ለሁለት" አለች። ቲራ ይህን በልቧ ይዛው ነበር። መያዝና መናገር ግን ለየቅል ናቸው።

ግንቦት ላይ ሥራዋን ለማሳየት ሁሉንም የጋራ ቤት ጠራቻቸው። ግድግዳው ላይ ድረ ገጹ በራ፤ ሰማያዊና ነጭ፣ ንጹሕ፣ የበሩ ሥዕልና የመንገዱ ካርታ ያለበት። አንድ ሁለት ሰው "ኦ!" አለ። ከዚያ ጉድሩን መነጽሯን አስተካክላ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አነበበች።

"'እንኳን ደህና መጡ ቲራ፣ አስተዳዳሪ።' የምን አስተዳዳሪ?"

እዚህ አገር በሰው ላይ ከሚለጠፍ ስም ሁሉ "ራሱን ከፍ አደረገ" የሚለውን የሚያህል የለም። ሌባ ቢሉህ ትከራከራለህ፤ ራስህን ከፍ አደረግህ ካሉህ ግን ማቅ ለብሰህ ጎጆህ ውስጥ መቀመጥ ነው። የቁጥር ሰባቱ ስቬኒንግ፣ የቀድሞ ባቡር ነጂ፣ ቀጭን ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እዚህ ማኅበር ውስጥ ማንም ከማንም አይበልጥም" አለ። "ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። ነውር የለውም፣ ላያውቁት ይችላሉ።"

ቲራ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ኧረ በጭራሽ! ስሙ ነው እንጂ… ቆዩ፣ ሁላችሁንም አስተዳዳሪ ማድረግ ይቻላል" አለች። የአስተማሪዋ ጣት ዓይኗ ላይ ድቅን አለ፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ አሥራ ስምንቱንም ግቢ አስተዳዳሪ አደረገች።

"አሁን ጥሩ ነው" አለ ስቬኒንግ።

መጀመሪያ ላይ ጥሩም ነበር። ከዚያ ፕሬበን አንድ ማለዳ ተነስቶ፣ "ይሄ ሰማያዊ የጥርስ ሐኪም ቤት ያስመስለናል" ብሎ የገጹን ልብስ ብርቱካናማ አደረገው። ቲራን ይህ ትንሽ ወጋት። ጉድሩን ከሰዓት በኋላ ወደ ሐምራዊ ቀየረችው። ማታ ተመልሶ ብርቱካናማ ሆነ። ማውጫው በየቀኑ ይረዝም ጀመር፤ "መንገዱ" ከሚለው ቀጥሎ "የፕሬበን ሽንኩርት"፣ ቀጥሎ "የፕሬበን ሽንኩርት፣ ክፍል ሁለት"፣ ከዚያ "የጠፋች ድመት"፣ ከዚያ "ድመቷ ተገኘች"። የአጥር ቁመት ከሰው ራስ እንዳይበልጥ የሚያዘው የደንብ ገጽም አንድ ቀን ጠፋ። የፒለሆልም ረጅሙ አጥር የማን እንደሆነ ለማንም ስውር አይደለም።

"አላጠፋሁትም" አለ ፕሬበን። "የገጹ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። እዚያም ቢሆን ይነበባል።"

ጉድሩን ደግሞ ስለ ጽጌረዳ ረጅም ጽሑፍ ጽፋ "አትም" የሚለውን ሳትጫን ትታዋለች። ሳምንታት ሙሉ ዓለም አንብቦ ዝም ያለ መስሏት አኮረፈች። "አንድ ሰው እንኳ ጥሩ ነው አይልም?" ትላለች ጽጌረዳዎቿን እየገረዘች። ጽሑፏ ግን ረቂቅ ሆኖ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል።

ክፉው ነገር ግን ፊት ለፊት የሚጣላ አለመኖሩ ነው። በአካፋ የሚጯጯኹ ሰዎች በድረ ገጹ ነገር ሲገናኙ "ደስ የሚል አየር ነው" ይባባላሉ፤ ከዚያ ጎጆ ገብተው አንዱ የሌላውን ይፍቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ የፒለሆልም ድር ግን ራሱን አስሮ ቁጭ አለ። ቲራ በየጠዋቱ የአጃ ዳቦዋን እየበላች ታስተካክላለች። ካርታውን ትመልሳለች፣ ማውጫውን ታሳጥራለች፣ ደንቡን ከቅርጫት ታወጣለች። ማንንም አልተናገረችም። ዝም አይነቅዝም ብላ ታገሰች፤ ብትናገር "አስተዳዳሪዋ መጣች" የሚሏት መሰላት። ባትናገር ደግሞ የበዓሉ ዕለት እንግዳ ሁሉ መንገድ ጠፍቶት ሲዞር ይውላል፤ ያኔ ፒለሆልምን ያዋረደችው አዲሲቱ ሴትዮ ናት ማለት ነው። በዚህም ብትሄድ በዚያ፣ የፒለሆልም ሰው የምትሆንበት መንገድ አልታያት አለ።

በበዓሉ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ ፕሮግራሙን ልታትም ገጹን ከፈተች። የምትጽፍበት ቦታ የለም። አዲስ ገጽ የሚባል የለም፣ "አትም" የሚባል የለም። ጥጉ ላይ "እንኳን ደህና መጡ ቲራ፣ አንባቢ" ይላል።

ደጋግማ አየችው። አንባቢ ማለት የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ እንደ መንገደኛ አይቶ ማለፍ ብቻ። "አወረዱኝ" አለች ለራሷ። "ተሰብስበው መክረው አወረዱኝ፤ ፊት ለፊት እንኳ አልነገሩኝም።" እንጆሪው አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና፣ ቁጥር አሥራ አንድን ወረፋ ለሚጠብቅ ለሌላ ሰው ስለ መልቀቅ ማሰብ ጀመረች። እንጆሪው ቀልቷል። እንዲህ ያለ እንጆሪ ጥሎ መሄድ ያማል፤ ግን "በርቱ!" እየተባሉ ማርጀትም ያማል።

ያኔ ነው ስቬኒንግ በበሩ ብቅ ያለው። ቆቡን በእጁ ይዟል፣ ከጉልበቱ እስከ ታች ጭቃ ነው።

"ቲራ፣ ይቅርታ፣ ጉድ ሆኛለሁ" አለ።

"ምነው?"

"ሁሉንም ያወረድኳቸው እኔ ነኝ።"

ቲራ ቀና አለች። "እርስዎ? ብቻዎን?"

"ብቻዬን። ጠቡ ሲበዛ ጊዜ፣ ሁሉም ከፍ ብሎ እኩል መሆን ካልቻለ፣ ሁሉም ዝቅ ብሎ እኩል ይሁን አልኩ። እኩል እኩል ነው አይደል? ከጉድሩን ጀመርኩ፤ አንድ በአንድ ሁሉንም አንባቢ አደረግኋቸው። ደስ ብሎኝ ሳይሆን ለፍትሕ ብዬ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ክብር ያለው ሰው እንደሚያደርገው፣ ራሴን ላወርድ ስል…"

"እምቢ አለዎት።"

"እንዴት አወቁ?"

"ቢያንስ አንድ አስተዳዳሪ መቅረት አለበት ይላል።"

"እሱን ነው የሚለው!" ስቬኒንግ ቆቡን ጨመቀው። "ሠላሳ ዓመት ማንም ከማንም አይበልጥም ስል ኖሬ፣ ይኸው የፒለሆልም ንጉሥ ሆኜ ቁጭ አልኩልሽ! ለማን እነግራለሁ? ሚስቴ ከትናንት ጀምሮ 'ግርማዊነትዎ፣ ድንቹን ይልጡልኝ' ትለኛለች።"

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ለራሷ አሳጠረች ማለት ይኼ ነው። ቲራ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ አልቻለችም፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያልተወረወረባት ድንጋይ ነበር ለካ ያቆሰላት። ስቬኒንግ ቅር ብሎት አያት፣ ቀጥሎ እሱም ከንፈሩ ዳር ላይ ፈገግ አለ፣ አጠገቧም ተቀመጠ።

"ውሰጅልኝ" አለ። "አንቺ ታውቂበታለሽ። ንግሥቷ ሁኚና ይውጣልኝ።"

ቲራ እንባዋን ጠረገች። አዎ ብትል ዛሬውኑ ሁሉ ነገር ይስተካከላል፤ እሷም ለዘላለም "አስተዳዳሪዋ" ሆና ትቀራለች። ዓይኗ ጭቃው ላይ አረፈ።

"ጉልበትዎ ምን ሆኖ ነው?"

"የውሃው ጉድጓድ ነዋ። መዝጊያው ያንጠባጥባል።"

"የሁላችንንም ውሃ የሚከፍቱትና የሚዘጉት እርስዎ ነዎት?"

"ታዲያ ማን? እዚያ ሸረሪትና ጭቃ ነው። ማን ይገባል?"

"ቁልፉስ?"

"እኔ ጋ ነው።"

"እንግዲያው እርስዎ ከሁላችን ይበልጣሉ ማለት ነው።"

"ምን ሲደረግ!" ስቬኒንግ ከመቀመጫው ዘለለ። "ጉድጓድ ውስጥ በደረቱ የሚሳብ ሰው ከማን ይበልጣል? ውሃው ሲቀንስ 'ስቬኒንግ ምን አባህ ሠራህ' ብለው የሚጮኹብኝ…" አለና አቋረጠ። ቆቡን ራሱ ላይ አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። "እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ?"

"እንዲህ ነው። ሌላም አለ። 'ጸሐፊ' የሚባል ደረጃ አለ። ጸሐፊ የራሱን ይጽፋል፣ ያትማል፣ ቢያሻው ያጠፋል፤ የጎረቤቱን ግን መንካት አይችልም። አጥር አለው። አሥራ ስምንታችንም ጸሐፊ ብንሆን ሁሉም የራሱን ግቢ አገኘ ማለት ነው። ልብሱ፣ ማውጫውና ደንቡ ደግሞ የጋራ መንገድ ነው፤ አብረን እንወስናለን፣ ጉድጓድ የሚገባው አንድ ሰው ይሠራዋል።"

ስቬኒንግ ከእንጆሪው አንዱን ቀጥፎ በላ። ሳይጠይቃት። "ለምን ከመጀመሪያው እንዲህ ብለሽ አልነገርሽንም?" አለ።

በዚያው ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ ሁሉም በጋራ ቤቱ ፊት ሣሩ ላይ ተሰበሰቡ። ስቬኒንግ ተነስቶ ስለ ዘውዱ ተናዘዘ። መጀመሪያ ማንም አላመነውም፤ ከዚያ ፕሬበን ከአግዳሚው ወርዶ ተንበረከከለት፤ ሳቁ ጋብ እስኪል ብዙ ጊዜ ወሰደ። ስለ ጉድጓዱና ስለ ጸሐፊዎቹ ሲያስረዳቸው ግን ሁሉም በጽሞና አዳመጠ። ውሃ የማያውቅ አትክልተኛ የለም።

"ጥሩ" አለች ጉድሩን። "ታዲያ ጉድጓዱ ውስጥ ማን ይገባል?"

ሁሉም ሣሩን ያይ ጀመር። ቲራም ሣሩን አየች፤ በዚህ ጊዜ እጇ አልወጣም።

"ምን ሣር ትቆጥሪያለሽ?" የጉድሩን ድምፅ መጣ። "አንቺን እኮ ነው ቲራ! ሌላ ማን የሚያውቅ አለ?"

"ፈቃዳችሁ ከሆነ" አለች ቲራ። "ግን ሁለተኛ ቁልፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ብታመም ብሞት። አስተማሪያችን መጀመሪያውኑ ብላ ነበር፣ ለአንድ ሰው፣ ቢበዛ ለሁለት…"

"ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያውኑ?" ጉድሩን ተነሳች። "ታውቂ ነበር? እንደዚህ እንደምንተራመስ እያወቅሽ ነው አሥራ ስምንት ቁልፍ ያደልሽን? አፍ የለሽም? ያንን ሁሉ ጊዜ ብርቱካናማና ሐምራዊ ስንቀባባ ቁጭ ብለሽ ታዪናለሽ? ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ!"

ድምፅዋ እስከ ባቡር ሐዲዱ ተሰማ። ቲራ ቆማ ተቀበለችው። አንጀቷ ራሰ። እንደዚያ ዓይነት ደስታ ከተሰማት ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር፣ ፊቷ ላይ እንዳይታወቅባት ከንፈሯን ነከሰች።

"የጽጌረዳ ጽሑፍሽም እስካሁን ረቂቅ ነው" አለቻት ቀስ ብላ። "'አትም' አላልሽውም።"

ፕሬበን በሳቅ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። እጅ ሲወጣ ተቃዋሚ አልነበረም፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ራሷ ጉድሩን ያዘች፤ የአጥሩ ደንብ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ልብሱም በአንድ ድምፅ ብልጫ አረንጓዴ ሆነ፣ ማንም ያልወደደው አረንጓዴ፣ ስለዚህም ማንም ያልተከፋበት።

በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ እንግዳው መንገዱን አላጣም። ሕፃናት በየግቢው ሮጡ፣ ሽማግሌዎች ስለ ቲማቲም ተከራከሩ፣ በየዓመቱ በዚህ ዕለት የምትቃጠለው የጨርቅ ጠንቋይ የተሰቀለችበት የእንጨት ክምር እሳቱን ይጠብቃል። ቲራ ጎጆዋ ፊት ጠረጴዛ ዘርግታ ከስቬኒንግና ከሚስቱ ጋር ተቀምጣለች፤ አዲስ ድንች በቅቤ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ መጨረሻ ላይ እንጆሪ። ገና ሁለተኛውን ድንች ስትቆርስ ከቁጥር አራት ጩኸት መጣ።

"ቲራ! አንቺ ቲራ! ሽንኩርቴ ድረ ገጹ ላይ ተዘቅዝቋል! በእንግዳ ፊት ሥሩ ወደ ሰማይ ቆሟል! ምን አድርገሽው ነው? ነይና ገልብጪው!"

ስቬኒንግ ሹካውን አስቀምጦ አያት። ጉልበቷ ከልማድ የተነሳ ሊነሳ ነበር። ከዚያ ተደላድላ ተቀመጠች፣ የጎረሰችውን ዋጠች፣ አንገቷንም ወደ አጥሩ መለስ አደረገች።

"እራት ላይ ነኝ!" ብላ ጮኸች፤ ሦስት ግቢ ተሰማ። "ራስህ ዘቅዝቀህ ሰቀልከው፣ ራስህ አቅናው! የራስህ ገጽ አይደል?"

ከአጥሩ ማዶ ፕሬበን የሆነ ነገር አጉረመረመ። ቲራ ድንቿ ላይ ቅቤ ጨመረች።